ጋሼ አብተው፣ ክዳኑ ክፍት ነው

ጅማ፣ አወቱ መንደራ፣ ከወንዙ ከፍ ብሎ አንድ ያረጀ የአቮካዶ ዛፍ ያለበት ግቢ አለ። የእትዬ ቆንጂት ምግብ ቤት ነው። ከዚያ ግቢ የጋዝ ጥብስ በልቶ የወጣ ሰው የልያን ስም ባያውቅ እንኳ፣ «ያቺ መጥበሻውን እንደ ሕፃን ሳሙና የምትቀባው» ካላችሁት ወዲያው ያውቃታል። የኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ አስተማሪዎች «እመት አረፋ» የሚል ስም አውጥተውላታል።

«እመት አረፋ፣ ዛሬ ጥብስ ነው ወይስ ልብስ አጠባ?» ይሏታል።

«የእናንተን ሸሚዝማ በኔ ሳሙና ማን ያስለቅቀዋል!» ትላለች፤ ሥራዋን ግን አታቋርጥም።

አረፋውን አይታ ስትጨርስ የመጥበሻውን ክዳን ወደ ኋላ ትገፋዋለች። ወደ ጎን ፈንጠር ብላ ትቆማለች። ከዚያ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ጴንጤ ስለሆነች ደንበኛው ሁሉ የምትጸልይ ይመስለዋል። ጸሎት አይደለም። ለሞተ ሰው የምትናገረው ነገር ነው።

ልያ የዱራሜ ልጅ ናት። አሥረኛ ክፍል እንደጨረሰች ሆሴዕን አገባች። ሆሴዕ አጋሮ ቡና መፈልፈያ ቤት ሥራ ሲያገኝ እሷ ጅማ ቤት ተከራይታ ቀረች፤ ኦሊያድን ወለደች፤ ልጁ ጡት ሲጥል እትዬ ቆንጂት ግቢ ሽንኩርት ከታፊ ሆና ገባች። ጋሼ አብተውን ያገኘችው እዚያ ነው።

ጋሼ አብተው የግቢው ጠባሽ ነበር። ሚሌኒየሙ በተከበረ ማግስት፣ ከተማው በእንግዳና በተማሪ ሲሞላ፣ እትዬ ቆንጂት ከግማሽ በርሜል የተበየደ የጋዝ መጥበሻ አሠሩ። ክዳን አለው፤ ከሥሩ ሦስት የተበሳሱ ቧንቧዎች ተዘርግተዋል፤ በጥቁር ጎማ ከሲሊንደሩ ጋር ይገናኛል። ከሰል ሲያናፋ የኖረው አብተው መጀመሪያ ናቀው፤ ኋላ ግን ከሚስቱ አብልጦ ወደደው እየተባለ ተቀለደበት። የፊት ጥርሱ ወልቆ ስለነበር ሥጋ ሲያገላብጥ ፉጨቱ ዜማ አይወጣውም፤ «ስስስስ» ብቻ ነው። ልያ ወጥ ቤት ሆና ያንን ድምፅ ስትሰማ ሥጋው ሊደርስ እንደሆነ ታውቃለች፤ ሽንኩርቷን ታፋጥናለች።

የእትዬ ቆንጂት ቤት የክርስቲያን ሥጋ ቤት ነው። ሁዳዴ ሲገባ መጥበሻው ሸራ ይለብሳል፤ ግቢው በሽሮና በምስር ይሰነብታል። ፋሲካ ሲሆን ሸራው ይገፈፋል። የዚያ ክፉ ዓመት ፋሲካም እንደዚያው ነበር። ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን በባዶ ሆዱ መጥቶ፣ ሥጋ ናፍቆት፣ ጠረጴዛ እየደበደበ፣ «አብተው፣ ሌላ ሁለት ወር ልታስጾመን ነው?» ይላል። አብተው ጋዙን ከፈተ፤ ክብሪት ጫረ፤ ጋዙ አልያዘለትም። ደግሞ ጫረ፤ አሁንም እምቢ። ክብሪቱ አለቀ። ክዳኑን መለሰና «ልያ! ክብሪት!» ብሎ ተጣራ። ጋዙን አልዘጋውም።

ልያ እየሮጠች ክብሪት አምጥታ በእጁ ሰጠችው። «ተባረኪ» አላት። እሷ ዞራ ሦስት እርምጃ ሳትራመድ ከኋላዋ «ቦግ!» አለ።

አብተው ሆስፒታል በሕይወት ደረሰ። ዳግማ ትንሣኤን ግን አላየም።

ከዚያ በኋላ ልያ አፍንጫዋን ማመን አቆመች። ጋዝ በሌለበት ጋዝ ይሸታታል። ጸሎት ቤት ውስጥ መዝሙር እየዘመረች ይሸታታል። የኦሊያድን ጠጉር ስትስም ይሸታታል። ሆሴዕ ቅዳሜ ከአጋሮ ሲመጣ በሌሊት ልብሷ ተነስታ የምድጃውን ቁልፍ ስትነካካ ያገኛታል። «እኛ ቤት እኮ የእንጨት ምድጃ ነው ያለው፤ ምን ቁልፍ አለው?» ሲላት ታፍራለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? የሷ ባሰ እንጂ፤ ልጡም በሌለበት መበርየት ሆነ። እጇን ደግሞ ታያለች። ክብሪቱን የሰጠው እጅ ነው።

መጥበሻው ዓመት ሙሉ ሸራውን ለብሶ አቮካዶው ሥር ቆመ። ሥጋ በከሰል፣ ወጥ ቤት ውስጥ ይጠበሳል፤ ደንበኛ ግን እየሳሳ ሄደ። በሚቀጥለው ዓመት፣ ሁዳዴ ሊገባ ሲል፣ እትዬ ቆንጂት ቆረጡ።

«ሞት ያልገባበት ቤት የለም፤ ቤቱ ግን ይዘጋ አይባልም» አሉ። መጥበሻውን ቀለም አስቀቡ፤ አዲስ ጎማ አስገጠሙ፤ ጠበል አስረጩ። አዲስ አበባ ሆቴል ቤት ሠርቷል የተባለ መሳይ የሚባል ወጣት ጠባሽ ቀጠሩ። ሁዳዴ ዋዜማ ደግሞ በእጃቸው ሞራ ይዘው መጡና ጎማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አሹት። «አባቴ ኮርቻውን የሚያኖረው በሞራ ነበር። ያልተቀባ ነገር ይሰነጠቃል» አሉ። ሸራውን አልብሰው፣ ዙሪያውን በድንጋይ አስያዙት። በደንብ ያኖሩት መስሏቸው ነበር፤ እውነትም በስስት ነው ያኖሩት።

ሆሳዕና ዕለት መሳይ ሙሉ ሲሊንደር አመጣ። ሸራውን ከፍ አድርጎ ገጠመ፤ ከፍቶ «እፍፍ» ማለቱን ሰማ፤ የመጥበሻውን ቁልፎች ዘጋና ሸራውን መልሶ አለበሰው።

ፉጨቱ የተሰማው በማግስቱ ነው።

መጀመሪያ የሰሙት ዘበኛው ኦቦ ቱሉ ናቸው። ቀን ቀን የጎረቤት ወፍጮ ስለሚጮህ ምንም አይሰማም። ወደ ማምሻው ወፍጮው ሲቆም ግን፣ ከአቮካዶው ሥር፣ ከሸራው ውስጥ፣ ቀጭን ድምፅ ይመጣል። «ስስስስ»።

«ያ ልያ፣» አሏት፣ በር ላይ ሆነው፣ ዱላቸውን ጨብጠው፤ «ሰማሽ?»

ሰማች።

«ማሊ? ምን? አልሰማሁም እንዳትዪኝ! አብተው ነው። ያ ረቢ! ጥርሱ የወለቀ ሰው ፉጨት እኔ ጠፍቶኝ?»

በሕማማት ሳምንት ግቢው በሙሉ ሰማ። ሳህን አጣቢዋ ሥራ ለቀቀች። ሽታም አለ ተባለ፤ የበሰበሰ ሽንኩርት የመሰለ። እትዬ ቆንጂት «ነፍሱ አላረፈችም» ብለው አለቀሱ። ማንም ወደ ዛፉ አይጠጋም። ውሃ የሚቀዳውም ዛፉን ዞሮ ማለፍ ጀመረ።

ልያ ሁሉንም ሰማች፤ ሁሉንም አሸተተች፤ ግን ምን ዋጋ አለው? በኦሊያድ ጠጉር ውስጥ ጋዝ የሚሸታት ሴት ምን ብላ ትመስክር? ሐሙስ ዕለት ለመሳይ ነገረችው።

«መሳይ፣ ሲሊንደሩን ዘግተኸዋል?»

«አቦ ልያዬ፣ ፈታ በይ! ቁልፎቹን ጥርቅም ነው ያደረግኳቸው።»

«የመጥበሻውን ነው የሲሊንደሩን?»

«ያው አይደለም እንዴ? ከታች ከተዘጋ ከላይ ምን ያደርጋል? አዲስ አበባ እንደዚሁ ነው የምንሠራው።»

«ሂድና እየው እስቲ።»

መሳይ ወደ ዛፉ አየት አደረገ። ሳቁ ቀነሰ። «ለፋሲካ ጠዋት አየዋለሁ። አሁን ምን አስቸኮለሽ? ሰውየው በሰላም ያፏጭ።»

የፊታችን ፋሲካ ጠዋት በሐሳቧ መጣባት። ሕዝቡ በባዶ ሆዱ ጠረጴዛ እየደበደበ፣ መሳይ ሸራውን ገፎ ክብሪት ሲጭር ታያት። ያን ሌሊትም ሆነ የዓርብን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። የምትፈራው ሁለት ነገር ነው። ፉጨቱ እውነት ከሆነና ዝም ካለች ሌላ ሰው ይቃጠላል። የናፍቆትና የጸጸት ድምፅ ከሆነ ደግሞ ያበደችው እሷ ናት፤ ያበደች ሴት ልጅ ታሳድጋለች ወይ?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኦሊያድን አዝላ ሲሊንደር የምትሸጠው ሀዋ ሱቅ ሄደች። ሀዋ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ጋዝ እየሸጠች ያረጀች ሴት ናት። ልያ ከፉጨቱ እስከ ሽታው ዘርዝራ ነገረቻት፤ መጨረሻ ላይ፣ «እኔ ግን አፍንጫዬን አላምነውም» አለች።

ሀዋ አልሳቀችም። «አፍንጫሽን ማን እመኚ አለሽ? አፍንጫ ለብቻው ነው የሚያሸተው፤ ምስክር የለውም። ሳሙና ግን ሁሉም ሰው ያየዋል። በውሃ በጥብጪው፤ አረፋው ወፈር ይበል። መጥበሻው ዝግ፣ ሲሊንደሩ ክፍት ሆኖ፣ ጎማውን ከራስ እስከ እግሩ ቀቢው። ጋዝ ካለ አረፋው ይነፋል፤ ከሌለ ወላሂ አይነፋም። ሳሙና አይፈራም፣ አያብድም።»

«ሌላስ?»

«ጋዝ እንደ ጭስ ወደ ሰማይ አይወጣም የኔ እህት። እንደ ውሃ ወደ ታች ይተኛል። ሸራ አልብሰነዋል ነው ያልሽኝ? በድንጋይ ዙሪያውን ይዘነዋል? አላህ ይጠብቃችሁ፤ ኩሬ ሠርታችሁለታል። እዚያ አጠገብ ክብሪት እንዳይጫር!» አዲስ ጎማ ከነብረት ማሰሪያው ጠቅልላ ሰጠቻት። «ካላስፈለገሽ ትመልሺልኛለሽ። ኢንሻአላህ ትመልሺልኛለሽ።»

ልያ ኦሊያድን ጎረቤት ትታ ግቢው ስትደርስ ጀምበር አዘቅዝቃለች። ወፍጮው ቆሟል። ኦቦ ቱሉ በሩ ላይ ናቸው፤ መሳይ አጥር ተደግፏል፤ ሁለቱም ወደ አቮካዶው ያያሉ። እትዬ ቆንጂት ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ከመጥበሻው ፊት ቆመዋል። በአንድ እጃቸው ጧፍ ይዘዋል። በሌላው ክብሪት።

«ምን ሊያደርጉ ነው?» አለች ልያ።

«ጧፍ ሊያበሩለት ነዋ» አለ መሳይ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ነገ ትንሣኤ ነው፤ ዛሬ ነፍሱ ትረፍ ብለው።»

«ስስስስ» ይላል ከሸራው ውስጥ።

እትዬ ቆንጂት ጎንበስ ብለው ጧፉን በሁለት ድንጋይ መሃል፣ ሸራው መሬት በሚነካበት ቦታ ተከሉት። የክብሪቱን ቤት ገፋ አደረጉ። ልያ እግሯ መቼ እንደተነሳ አታውቅም። ስትደርስ እጃቸውን ያዘች።

«ክብሪቱን ይስጡኝ!»

«ምን ሆነሻል አንቺ?»

«እትዬ፣ ይስጡኝ!»

ነጠቀቻቸው። ክብሪቱ በመዳፏ ውስጥ ሲገባ ጨበጠችው። አምና የሰጠችውን ዘንድሮ የተቀበለች መሰላት።

እትዬ ቆንጂት እንደ በርበሬ ቀሉ። «ደፈርሽኝ? የሞተ ሰው ብርሃን ትከለክያለሽ? እናንተ ጧፍ አትወዱ፤ አውቃለሁ! ጋኔን በስም ጠርታችሁ አይደል የምታስወጡ? በይ እስቲ አስወጪልኝ!»

«ጋኔን በስም ይወጣ ይሆናል እትዬ፤ ጋዝ ግን በስም አይወጣም።»

መሳይ ሳቀና አፉን ያዘ።

«ትንሽ ይታገሡኝ» አለች ልያ። «ሳሙና በጥብጬ ልቀባው። አረፋው ካልተነፋ ነገ ጠዋት ያባርሩኝ። አብዳለች ይበሉና ያባርሩኝ። ከተነፋ ግን ማንም እዚህ እሳት አይጭርም።»

እትዬ ቆንጂት ጧፉን ከመሬት ነቀሉት። ልያ ይህን እንደ እሺታ ቆጥራ ክብሪቱን ለኦቦ ቱሉ ሰጠች፤ «ከግቢው ይዘውልኝ ይውጡ» አለች። ሽማግሌው «ጋሪዳ፣ እሺ» ብለው እየሮጡ ወጡ፤ ለመሮጥ ምክንያት ማግኘታቸው ደስ ያላቸው ይመስላል።

ሳሙናውን በባልዲ በጠበጠች። አንደኛውን ድንጋይ፣ ሁለተኛውን ድንጋይ አነሳች። ሸራውን ስትገልበው ሽታው እንደ ጥፊ መታት። ዞራ አየች። እትዬ ቆንጂት በነጠላቸው አፍንጫቸውን ሸፍነዋል። መሳይ ወደ ኋላ አፈግፍጓል። ያን ጊዜ ነው ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን አለመሆኗን በዓይኗ ያየችው፤ እነሱም ሸቷቸዋል።

ነፋስ እስኪያናፍሰው ራቅ ብላ ጠበቀች። ከዚያ ተንበርክካ አረፋውን በእጇ እያፈሰች ጎማውን ከሲሊንደሩ ጀምራ ቀባችው። እዚህ ምንም። እዚህም ምንም። ፉጨቱ ግን በጆሮዋ ሥር ነው፤ «ስስስስ»። እጇ ጎማው ወደታጠፈበት ሲደርስ ድምፁ ተቀየረ፤ ውሃ የጎረሰ ሰው ሊናገር ሲሞክር የሚያወጣው ዓይነት ሆነ። አረፋው አበጠ። እንቁላል አክሎ አበጠ፤ ፈነዳ፤ ደግሞ አበጠ።

«ይዩት እትዬ» አለች። «መሳይ፣ ና እየው።»

መጡ። ሦስቱም አጎንብሰው አዩ። ልያ አረፋውን ጠረግ ስታደርገው ጎማው ላይ የጥርስ ምልክት አለ፤ ትናንሽ፣ ጥንድ ጥንድ።

«አይጥ!» አለ መሳይ።

እትዬ ቆንጂት ጎማውን በጣታቸው ነኩት፤ ጣታቸውን አሸተቱ። ሞራ። ፊታቸው ወደቀ። በጾሙ ግቢው ውስጥ አጥንት የለ፣ ጮማ የለ፣ ቅባት የሚባል ነገር የቀረው እዚያ ጎማ ላይ ብቻ ነበር።

«አይጥ ሁዳዴን አትጾምም» አሉ በሹክሹክታ። «እኔ ነኝ ምሳዋን ያቀረብኩላት።»

«ሲሊንደሩን ደግሞ ከላይ አልዘጋሁትም» አለ መሳይ። አዲስ አበባን አላነሳም።

ልያ እጇን ዘርግታ የሲሊንደሩን ቁልፍ አዞረች። «ስስ...» አለና ቆመ።

ጸጥ አለ። አቮካዶው ላይ ያሉት ወፎች ብቻ ተሰሙ። ያ ጸጥታ ልያን ከፉጨቱ ይበልጥ አስፈራት። ሳምንት ሙሉ ያፏጭ የነበረው ሰው አሁን፣ በሷ እጅ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ዝም ያለ መሰላት። እትዬ ቆንጂትም ተሰምቷቸው መሆን አለበት፤ «ሄደ» ብለው መሬት ላይ ቁጭ አሉ፤ ለቅሷቸውም እንደ አዲስ ሆነ።

እስኪጨልም ድረስ ልያና መሳይ መጥበሻውን አራግፈው ሠሩት። ሲሊንደሩን አንስተው አራቁት፤ ቀሎ ነበር። አሮጌውን ጎማ ቆርጠው ጣሉ፤ የሀዋን ጎማ ገጥመው ማሰሪያውን በፒንሳ አጠበቁ። ከሥሩ የሞራ ማጠራቀሚያውን ሲስቡት ያለፈው ዓመት ቅባት እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ተጋግሯል፤ ቀለሙ የተቀባው ከላይ ነው፤ ከሥር ያየው የለም። ልያ በቢላዋ ፈቅፍቃ አወጣችው። ከዚያ ሦስቱን ቧንቧዎች ፈታ በሽቦ ወጋቻቸው። አንደኛው አለፈላት። ሁለተኛው አላለፈም። መሬት ላይ ደጋግማ ስትደበድበው አንድ ነገር «ቃ» ብሎ ወደቀ።

የተርብ ቤት ነው። ተርብ በጾም ወራት ገብታ በጭቃ የሠራችው። ግን ጥሬ ጭቃ አይደለም፤ በእሳት ተጠብሶ እንደ ሸክላ ቀልቷል።

ልያ በመዳፏ ይዛ ቆየች። ይህ የዘንድሮ አይደለም። ዘንድሮ እሳት አልነደደም።

«ክብሪቱ ለዚህ ነው እምቢ ያለው» አለች። «ጋዙ በቧንቧው አላልፍ ብሎ ሌላ ቦታ ሲጠራቀም ነበር። ጋሼ አብተው ክብሪት ሲጭር፣ ሲጭር...»

መሳይ ፒንሳውን አስቀመጠ። «አንቺ ነሽ አሉ ክብሪቱን የሰጠሽው» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«ሌላ ሰውም ቢሆን ይሰጠው ነበር፣ ልያዬ።»

«አውቃለሁ» አለች። ማወቅ ሁሉንም አያስተኛም፤ ግን ያን ሌሊት ተኛች።

ፋሲካ ጠዋት ሕዝቡ መጣ። ጠረጴዛው ተደበደበ። «ቆንጂት፣ ጠባሽ ቀጥረሽልን ነው ወይስ አጣቢ?» አለ አንዱ፣ ልያ ባልዲ ይዛ ስትወጣ አይቶ። እትዬ ቆንጂት ዘወር አሉና፣ «ሁለት ወር የቻለ ሆድ አሥር ደቂቃ አይገድለውም፤ ተቀመጥ!» አሉት። ሳቅ ሆነ።

ልያ ሲሊንደሩን ከፈተች። ሳሙናውን ቀባች። አረፋው ቀስ እያለ በራሱ ከሰመ፤ የተነፋ የለም። ክዳኑን ወደ ኋላ ገፋችው። መሳይ ሎሚ ቀለም ካለው ላይተሩ ጋር ቀረበ።

«እኔ ልለኩሰው?»

«አይ፣» አለች፤ «እኔ።»

ወደ ጎን ቆመች። ክብሪቱን አወጣች። ኦቦ ቱሉ ከበሩ ሆነው ያዩዋታል፤ እትዬ ቆንጂት ነጠላቸውን ጨብጠዋል። ልያ ወደ መጥበሻው ጎንበስ ብላ፣ ሰው እንዳይሰማት ቀስ ብላ፣

«ጋሼ አብተው፣ ክዳኑ ክፍት ነው» አለች።

መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ትንሽ ቆየች። ከአወቱ ወንዝ በኩል ነፋስ መጣ፤ በክፍቱ በርሜል ላይ አልፎ ሄደ። ከዚያ ክብሪቱን ጫረች፤ መጀመሪያ እሳቱን አስጠጋች፣ ቀጥላ ቁልፉን አዞረች። ከሦስቱም ቧንቧዎች ሰማያዊ እሳት፣ ዝቅ ብሎ፣ እኩል፣ እንደ ሣር በቀለ።

ሕዝቡ አጨበጨበ። ልያ ሥጋውን ደረደረች። ማምሻውን ወፍጮው ቆመ፤ ኦቦ ቱሉ ከበሩ መጥተው አጠገቧ ቆሙ። ሁለቱም ጆሯቸውን ወደ አቮካዶው ጣሉ።

«ሂን ጅሩ» አሉ ሽማግሌው። «የለም።»

«የለም» አለች ልያም፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

ያ ሁሉ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። ኦሊያድ ትምህርት ቤት ገብቷል። መሳይ አዲስ አበባ ተመልሷል፤ አሁን መጥበሻው የልያ ነው። በእያንዳንዱ ጾም መጨረሻ ቧንቧዎቹን ትወጋለች፤ ጎማውን በደረቅ ጨርቅ እንጂ በሞራ አትነካም፤ ሥራ ሲያልቅ ሲሊንደሩን ከላይ ትዘጋለች። የተጠበሰው የተርብ ቤት ወጥ ቤት መስኮት ላይ ተቀምጧል። ሥጋ ሊደርስ ሲል ደግሞ፣ ጥርሷ ሙሉ ሆኖ ሳለ፣ «ስስስስ» ትላለች፤ አዲሷ ሽንኩርት ከታፊ ያንን ስትሰማ እጇን ታፋጥናለች። ልያ እንደምታፏጭ የነገራት የለም።

ክዳኑን ከፍታ ግን ሳትናገር ቀርታ አታውቅም። ትናገራለች፤ ነፋሱ እስኪያልፍ ትጠብቃለች፤ ከዚያ ትጭራለች።